«ኪቦርድ ገዛሁ፣ ከየት ልጀምር?» ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። በቅርቡ ከደሴ ያገለገለ ኪቦርድ ገዛሁ። ባለ 61 ቁልፍ ነው፣ አዳፕተር ግን የለውም። ዩቲዩብ ላይ ያሉትን ትምህርቶች ሞከርኩ፤ የፈረንጅ ልጆች መዝሙር ነው የሚያስተምሩት፣ ሰለቸኝ። እኔ የምፈልገው የእኛን ዜማ፣ በተለይ አምባሰልን መጫወት ነው። ኖታ አላነብም፤ አስተማሪም የለኝም። ሪትሙን ስከፍተው ደስ ይላል፣ ግን ምንም ብነካ አብሮ አይሄድልኝም። ከየት ልጀምር? 88 ቁልፍ ያለውን መግዛት ነበረብኝ እንዴ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ መልሱ አጭር ነው። 61 ቁልፍ ይበቃሻል። 88 የፒያኖ ልክ ነው፤ ክላሲክ ፒያኖ ልማር ለሚል ሰው ያስፈልጋል። 61 ቁልፍ ማለት አምስት ኦክታቭ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ከአንዱ ዶ እስከሚቀጥለው ዶ ያለው ርቀት ነው። አብዛኛው የእኛ ዜማ ቢበዛ በሁለት ኦክታቭ ውስጥ ያልቃል። የቀረው ለግራ እጅሽ ነው። ስለዚህ አልተሸወድሽም።

አሁን ወደ አዳፕተሩ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ለጥገና ከሚመጡልኝ ኪቦርዶች ብዙዎቹ የተቃጠሉት አርጅተው ሳይሆን የሌላ ዕቃ አዳፕተር ተሰክቶባቸው ነው።

የኪቦርዱን ጀርባ እይው። አዳፕተሩ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ቮልቱ ተጽፏል። የያማሃ ጀማሪ ኪቦርዶች በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው፤ የካሲዮዎቹ 9 ወይም 9.5። ከቮልቱ ጎን አንዲት ትንሽ ስዕል አለች። መሃሏ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ግማሽ ቀለበት፣ ግራና ቀኟ ላይ የፕላስና የማይነስ ምልክት አላት። ስዕሏ የምትነግርሽ ፕላሱ በጃኩ፣ ማለትም ኪቦርዱ ውስጥ በሚገባው የገመዱ ጫፍ፣ ውስጠኛ በኩል ይሁን በውጭኛው ነው። ሁሉም ኪቦርድ አንድ አይደለም፤ አንዳንድ የቆዩ ካሲዮዎች ከያማሃ ጋር ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ነገር ታመሳክሪያለሽ። ቮልቱ እኩል ይሁን። ስዕሏ አንድ ዓይነት ትሁን። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ኪቦርዱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ቮልቱ ሲበልጥ ወይም ፕላስና ማይነሱ ሲገለበጥ ግን በአንድ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል።

ወደ ሱቅ ስትሄጂ ጀርባውን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ያዢ። ሻጩ «ይሄም ይሠራል፣ ጃኩ ገባ እኮ» ቢልሽ አትቀበዪው። ጃኩ መግባቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

አዳፕተሩ እስኪገኝ መጫወት ትችያለሽ። ብዙዎቹ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዶች በ6 የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። አዲሶቹ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ትንሽ ድንጋይ ይወስዳሉ፤ የቆዩት ደግሞ ወፍራሙን። አልካላይን የሚለውን ግዢ፤ ርካሹ ቶሎ ይደክማል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅዪ። ለጥቂት ሳምንት የማትነኪው ከሆነ አውጪው፤ ድንጋይ ውስጥ እያለ ከፈሰሰ ሽቦውን ይበላዋል። የስልክ ፓወር ባንክ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ኪቦርድ አይሆንም። የሞተር ሳይክል ወይም የሶላር ባትሪንም «12 ቮልት ነው» ብለሽ በቀጥታ እንዳታገናኚ። ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ንቀዪው። ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ናቸው ዕቃ የሚያቃጥሉት። መብራቱ እስኪረጋ ጠብቀሽ ከዚያ ሰኪ።

ያገለገለ ስለሆነ ቁልፎቹን ፈትሺያቸው። ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርጊና ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እያንዳንዱን በእኩል ጉልበት ንኪ። አንዱ ዝም ካለ፣ ወይም በቀስታ ነክተሽው ብቻውን ከጮኸ፣ ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው የጎማ መንኪያ አቧራ ይዞ ነው። የአነካክ ጉልበት የሚለዩ ኪቦርዶች በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መንኪያ አላቸው። ኪቦርዱ የሚለካው በሁለቱ መካከል ያለፈችውን ቅጽበት ነው፤ ከተፋጠነች ጠንክረሽ መታሽ ማለት ነው። አንዱ መንኪያ ሲቆሽሽ ልኬቱ ይዛባል። ይህ በጽዳት የሚድን ነገር ነው፤ ዋጋው ተወድዶብሽ ኪቦርዱን እንዳትጥዪው። ኮምቦልቻ አቧራ ያለበት ከተማ ስለሆነ ደግሞ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ጨርቅ አልብሺው።

ወደ ሙዚቃው እንግባ።

ዩቲዩቡ የሰለቸሽ ስንፍና ሆኖ አይደለም። አንቺ ጆሮሽ የሚያውቀው ሌላ፣ የሚያስተምሩሽ ሌላ ስለሆነ ነው። ሰባት ድምፅ ያለውን የፈረንጅ ስኬል፣ ማለትም የድምፅ መሰላል፣ ደጋግመሽ ስትወጪና ስትወርጂ ጆሮሽ ምንም አያገኝበትም። የእኛ ቅኝቶች፣ ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። አንቺ ደግሞ የምትኖሪው ወሎ ውስጥ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከሐይቅ ማዶ፤ ሁለቱም የቅኝት ስም የሆኑ አገሮችሽ ናቸው። ዜማውን በሰርግም በለቅሶም ሰምተሽ ነው ያደግሽው። ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ከቅኝት ጀምሪ፤ ሌላው ሁሉ ይከተላል።

የመጀመሪያውን ቀን ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኪ። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ የግራውን፣ መነሻና ማረፊያ አድርጊው። ከዚያ ተነስተሽ ጥቁሮቹን ወደ ላይና ወደ ታች ተመላለሺባቸው፤ ስትጨርሺ ሁሌም እዚያው ቁልፍ ላይ እረፊ። የምትሰሚው ትዝታ ሜጀር ነው። ነጩን እስካልነካሽ ድረስ ከቅኝቱ መውጣት አትችዪም። አሁን ያንኑ አድርጊ፤ ማረፊያሽን ብቻ ቀይሪ። ከሁለቱ ጥቁሮች የቀኙ ላይ እረፊ። ቁልፎቹ አልተለወጡም፣ ስሜቱ ግን ተለወጠ። አሁን የምትሰሚው ባቲ ማይነር ነው። ይህን በእጅሽ ስታገኚው ቅኝት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም። ድምፆቹ ብቻ ሳይሆኑ ማረፊያውም ነው ቅኝቱን የሚሠራው።

ቀጥሎ ነጮቹን በስማቸው እወቂያቸው። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ዶ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ሬ፣ በስተቀኝ ያለው ሚ። ከሦስቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ፋ፣ በመካከላቸው ያሉት ሶልና ላ፣ በስተቀኝ ያለው ሲ። ከዚያ እንደገና ዶ ይመጣል። በቁልፎቹ ላይ ስቲከር መለጠፍ አልወድም። ዓይንሽ ጽሑፉን ስለሚያይ ጣትሽ ቦታውን አይለምድም። ጥቁሮቹን ምልክት አድርጊ፤ ጥቂት ቀን ይበቃል።

አሁን የጠየቅሽኝ አምባሰል። ቀኝ እጅሽን አንሺ። አውራ ጣትሽን ሚ ላይ አድርጊ። አመልካቿን ፋ ላይ። አሁን ሶልን ዝለዪና መሃለኛዋን ላ ላይ። የቀለበት ጣትሽን ሲ ላይ፣ ትንሿን ዶ ላይ። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምስት ድምፅ፣ አምስት ጣት፤ እጅሽ ከቦታው ሳይነሳ ሙሉው ቅኝት ሥርሽ ነው። ላይኛው ሚ ስትፈልጊ ብቻ እጅሽ ይንቀሳቀሳል።

ቀስ ብለሽ ሂጂበት። በሚና በፋ መካከል ጥቁር ቁልፍ እንደሌለ ልብ በዪ። በሲና በዶ መካከልም የለም። እነዚህ ሁለት ጥብቅ ርቀቶች ናቸው የአምባሰልን ሆድ የሚያባባ ጠባይ የሚሰጡት። ከፋ ወደ ላ ደግሞ ሰፊ ዝላይ አለ። ከላይ ከዶ ጀምረሽ ሲ፣ ላ፣ ፋ እያልሽ ውረጂ። ፋ ላይ ትንሽ ቆዪ። ከዚያ ሚ ላይ እረፊ። ያቺ ከፋ ወደ ሚ የምትወርድ እርምጃ አምባሰል የሚታወቅባት ናት። አሥር ጊዜ ደጋግሚያት፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታዜም የሰማሽውን በልብሽ እያሰብሽ። ያኔ ጆሮሽ ጣትሽን መምራት ይጀምራል።

እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ይዘሽ ላ ላይ ብታርፊ፣ ማለትም ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብትዪ፣ ትዝታ ማይነር ይሆንልሻል። እንደ ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ባቲ ሜጀርን ከፈለግሽ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ትዝታ ሜጀር በነጮቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንቺሆዬ ብቻ ሙሉ በሙሉ በነጭ አይገኝም። ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካልሽ በኋላ በሶልና በላ መካከል ያለውን ጥቁር ትጨምሪያለሽ። እሱን ለኋላ አቆዪው። ለጀማሪ ጆሮ ከባድ ነው፤ በደንብ የሰሙት ሰዎች እንኳ መጀመሪያ ላይ ይስቱታል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ኋላ ግራ እንዳይገባሽ። ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚያሰማው። ክራርና ማሲንቆ እንደዚያ አይደሉም። ክራር ተጫዋቹ ክሩን በጆሮው ነው የሚቃኘው፤ ማሲንቆውም ጣቱን በጭራው ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ በተለይ አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲወጣ ትንሽ ሻካራ ሊመስልሽ ይችላል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ውድ የሆኑት የባንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ዝቅና ከፍ ማድረጊያ አላቸው፤ የጀማሪዎቹ በአብዛኛው የላቸውም። እስከዚያው ዜማውን በጌጥ ማለስለስ ይቻላል። ዋናውን ድምፅ ከመንካትሽ በፊት ከቅኝቱ ውስጥ ጎረቤቱን በፍጥነት ነካ አድርገሽ እለፊ። ለምሳሌ ላ ላይ ልታርፊ ስትዪ ሲን ነካ፣ ከዚያ ላ። ድምፃውያኖቻችን በጉሮሯቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ስለ ድምፅ ምርጫም አስቢ። ኪቦርድ ሲከፈት ፒያኖ ላይ ነው የሚቆመው። የፒያኖ ድምፅ ተነክቶ ይጠፋል። የእኛ ዜማ ግን ይጎተታል። ለዜማ ልምምድ ዋሽንት የሚመስለውን ወይም አኮርዲዮኑን ምረጪ። አኮርዲዮን ለእኛ እንግዳ ድምፅ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድም አኮርዲዮንም የሚጫወት ሰው ነው፤ እሱን ስትሰሚ በቁልፍ መሣሪያ ላይ ዜማ እንዴት እንደሚጎተት ታያለሽ። የጣትሽን ጉልበት ለማስተካከል ስትፈልጊ ግን ወደ ፒያኖው ተመለሺ፤ ልስላሴና ጥንካሬ እዚያ ነው የሚለየው።

የግራ እጅሽን ለመጀመሪያው ወር አታስቸግሪው። ሁለት ቁልፍ ይዞ ዝም ይበል። አምባሰል ስትጫወቺ ሚና ከበላዩ ያለውን ሲ። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ስትጫወቺ ዶና ሶል። ትዝታ ማይነርን ከላ ስትጫወቺ ላና ሚ። ማረፊያውና ከእሱ አምስተኛው ነጭ ቁልፍ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከቅኝቱ ጋር አይጋጩም። አንቺሆዬ ላይ ግን ማረፊያውን ሲን ብቻ ያዢ፤ ከእሱ አምስተኛው ነጭ ፋ ነው፣ አብረው ሲያዙ ይጋጫሉ።

አሁን ሪትሙ ለምን አብሮሽ እንደማይሄድ ይገባሻል። ኪቦርዱ ሪትሙን ሲከፍት በግራ በኩል ያሉትን ቁልፎች ለኮርድ፣ ማለትም አብረው ለሚነኩ ድምፆች፣ ይወስዳቸዋል። አንቺ እዚያ ዜማ ስትነኪ እሱ ኮርድ መስሎት ቤዙንና ጊታሩን ይቀያይራል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የሚብስ ነው። ሪትሞቹ የተሠሩት ለፈረንጅ ስኬል ነው። አምባሰል ከሚ ስትጫወቺ «ማረፊያዬ ሚ ነው» ብለሽ የሚ ማይነር ኮርድ ብትይዢ፣ ኮርዱ ውስጥ ሶል አለ። አምባሰልሽ ውስጥ ደግሞ ሶል የለም። ይጋጫል። በምትኩ ላ፣ ዶ፣ ሚን ያዢ፤ እሱ ላ ማይነር ነው። ወይም ፋ፣ ላ፣ ዶን፤ እሱ ፋ ሜጀር ነው። የሁለቱም ድምፆች በሙሉ አምባሰል ውስጥ አሉ። በሁለቱ መካከል እየተመላለስሽ ዜማሽን ብታስኬጂ ደህና ይገጥማል።

ሦስተኛው ምቱ ነው። የጀማሪ ኪቦርድ ሪትሞች አብዛኞቹ በአራት የሚቆጠሩ ናቸው። ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚቆጠረው። ዝርዝሩ ውስጥ 6/8 የሚል ፈልጊ፤ ችክችካ አይሆንልሽም፣ ግን ቆጠራው ቢያንስ ይቀራረባል። ለጊዜው ግን ሪትሙን ዝጊው ብዬ እለምንሻለሁ። አምባሰልን መጀመሪያ ያለ ምት፣ በራስሽ እስትንፋስ ተጫወቺው። ቀጥሎ ሜትሮኖም የሚለውን፣ ምት ብቻ የሚቆጥረውን ቁልፍ ከፍተሽ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጊ። በእያንዳንዷ ምት አንድ ድምፅ። ይህ ሲረጋ ብቻ ሪትም ክፈቺ። ሪትም ቀድሞ የለመደ ሰው ሲዘጋበት ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙ ተማሪ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በጣም ጥሩ ጆሮ ያላቸው ልጆች ናቸው እዚያ ላይ የሚቆሙት።

በፈረቃ ስለምትሠሪ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል። እሑድን ጠብቀሽ ሦስት ሰዓት ከምትቀመጪ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል። ከሌሊት ፈረቃ ስትገቢ ጎረቤት እንዳይረበሽ ሄድፎን ተጠቀሚ። የብዙ ኪቦርዶች የሄድፎን ቀዳዳ ትልቁ ዓይነት ነው፣ የስልክ ሄድፎን አይገባበትም። መቀየሪያ ጃክ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ታገኛለሽ። ጠረጴዛሽ ከፍ ብሎ ትከሻሽን የሚያነሳብሽ ከሆነ ወንበርሽ ላይ ትራስ ጨምሪ፤ ክርንሽ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። የእጅ አንጓሽ ካመመሽ አቁሚ፣ በግድ አትግፊው።

ከአንድ ወር በኋላ በአፍሽ የምታውቂውን አንድ አጭር የሰርግ ዜማ ውሰጂ። መጀመሪያ አንጎራጉሪው። መጨረሻው የሚያርፍበትን ድምፅ ቁልፎቹ ላይ ፈልጊ። እሱን ካገኘሽ ቅኝቱን ግማሽ አገኘሽ ማለት ነው። ዘፋኙ ከሚዘፍንበት ከፍታ ጋር ካልገጠመልሽ ትራንስፖዝ የሚለው ቁልፍ አለ። አንቺ ያወቅሽውን የጣት ቦታ ሳትለቂ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ያወጣልሻል። ባለሙያዎቹም ይጠቀሙበታል፣ አትፈሪው። ግን ስትጨርሺ ወደ ዜሮ መልሺው፤ ካልሆነ በማግስቱ ዶ ነው ያልሽው ሌላ ድምፅ ሲሰጥሽ ትደነግጫለሽ።

ኖታ ማንበብን በተመለከተ፣ አሁን ግድ አይደለም። አንድ አምስት ስድስት ዜማ በጆሮሽ ካወጣሽ በኋላ ብትማሪው ጥሩ ነው። ያኔ ኖታው የምታውቂውን ነገር የሚጽፍልሽ ስለሚሆን አያስፈራሽም።

አስተማሪ የለኝም ላልሽው፣ የግድ በየሳምንቱ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግሽም። ደሴ በባህል ምሽት ቤቶችና በሰርግ ባንዶች ውስጥ የሚጫወቱ ጥሩ ጥሩ ኪቦርዲስቶች አሉ። ኮምቦልቻም አይጠፉም፤ በየቤተ እምነቱ የሚያገለግሉም አሉ። የእረፍት ቀንሽ ላይ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሃረጎን ዳገት ወጥተሽ አንዱን አነጋግሪ። ቀን ቀን ብዙዎቹ ሥራ ስለሌላቸው ለአንድ ሰዓት ተነጋግሮ መክፈል ይቻላል። ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጂ። አንደኛ፣ የምትችዪውን አንድ አምባሰል በስልክ ቅጂ፤ ሲሰማው የት እንዳለሽ ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛ፣ «አስተምረኝ» ብቻ አትበዪው። «በዚህ ዜማ ላይ ግራ እጅህን አሳየኝ» በዪው። ሲያሳይሽ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቱም እጆቹ በሚታዩበት ቦታ ሆነሽ ቅረጪው፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በራሱ ፍጥነት ይጫወትልሽ።